ከምላጩ በፊት

የሆድ ቆዳቸውን ማስቆረጥ ያሰቡ ወይም ያስቆረጡ ሴቶችን «ሐሳቡ መቼ መጣብሽ?» ብዬ ስጠይቅ፣ ብዙዎቹ የሚነግሩኝ ቀኑን አይደለም፤ ሰው የተናገራቸውን ነው። «ልትደግሚ ነው እንዴ?» «ስንት ወርሽ ነው?» «ምነው እናቴ፣ ከወለድሽ እኮ ቆየሽ!» ተናጋሪዋ አክስት ናት፣ ለንግሥ የተገናኙ የድሮ ጎረቤት ናቸው፣ አንዳንዴም የገዛ እናት ናት። ክፋት የለበትም። እኛ ዘንድ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኘ ሰው ቀድሞ የሚያነሳው ሰውነትን ነው፤ «ወፈርሽ»፣ «ከሳሽ»፣ «ምነው ጠቆርሽ» እያለ ናፍቆቱን ይወጣል። ሴትየዋም ስቃ ታልፈዋለች። ማታ ቤቷ ገብታ በር ከዘጋች በኋላ ግን ስልኳን አንስታ ክሊኒክ ትፈልጋለች። አስተያየቱ የተሰጠው ሰው በተሰበሰበበት ነበር፤ ውሳኔው የሚወሰነው ግን ብቻዋን ሆና፣ በሌሊት፣ ማንም ሳያውቅ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ በምንኖር ሰዎች መሐል በዚህ ጉዳይ ካየሁት መከራ አብዛኛው የመጣው ከዚህ ድብቅነት ነው።

፨

ይህ የሆድ ቆዳ ማስቆረጥ ተሚ ታክ ይባላል፤ ስሙን ሲሰማ ስብ ማስመጠጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ላይፖሰክሽን በቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር ስብ ይስባል፤ የላላ ቆዳ አይሰበስብም፣ ጡንቻም አይነካም። ተሚ ታክ ግን ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ የውስጥ ሱሪ በሚሸፍነው መስመር ላይ ከዳሌ እስከ ዳሌ ይቀድዳል። ቆዳውንና ስቡን ከጡንቻው ሽፋን እያላቀቀ እስከ ጎድን አጥንት ድረስ ይገልጣል፤ በእርግዝና የተራራቁትን ሁለቱን የሆድ ጡንቻዎች መሐል ላይ በክር ይሰበስባል፤ ከዚያ ቆዳውን ወደ ታች ስቦ ትርፉን ይቆርጣል። እምብርት ከሥሯ አትነቀልም፤ በተሳበው ቆዳ ላይ አዲስ ቀዳዳ ይከፈትላታል። ይህ ሁሉ በሙሉ ሰመመን ከ2 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል። አብዛኛዋ ሴት በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤቷ ትሸኛለች። ቶሎ መሸኘቷን ያየ ሰው ነው «ቀላል ነገር ናት» እያለ የሚያወራው።

ጠባሳው አይጠፋም። ጠንክሮና ቀልቶ ይቆይና ለመደብዘዝ ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ይፈልጋል። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ጠባሳ ከፍ ብሎ የሚያብጥበት ዕድል ሰፊ ነው። ጆሮዋን ተበስታ፣ ክንዷን ተከትባ ወይም በኦፕራሲዮን ወልዳ ጠባሳዋ ያበጠባት ሴት ያንን ቦታ ገልጣ ለሐኪሟ ማሳየት አለባት። ክሊኒኩ ከሚያሳያት ፎቶ ሁሉ ይልቅ ወደፊት ሆዷ ላይ የሚሆነውን የሚነግራት ያ አሮጌ ጠባሳ ነው።

፨

ጠንካራ ቦርጭ ያለው ሰው፣ በተለይ ወንድ፣ በዚህ ቀዶ ሕክምና አይረዳም። ሆዱን በጣቶቹ ቆንጥጦ መያዝ ካልቻለ ስቡ ያለው ከጡንቻው በታች፣ በአንጀት ዙሪያ ነው። እዚያ ምላጭም ቱቦም አይደርስም። ከስኳርና ከልብ በሽታ ጋር የተቆራኘውም ይኸኛው ስብ ነው፤ የሚቀንሰውም በምግብ፣ በእንቅስቃሴና ሐኪም ካዘዘው በመድኃኒት ነው። ሸንተረርም ቢሆን ሁሉም አይሄድም፤ የሚሄደው ከተቆረጠው ቆዳ ጋር ያለው፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ከእምብርት በታች ያለው ነው።

፨

ከዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ሃዋርድ ኬሊ የተባለ የማኅፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1899 ከአንዲት ሴት ሆድ ላይ ከ7 ኪሎ በላይ የሚመዝን የተንጠለጠለ ቆዳና ስብ ማንሳቱን ጽፏል። የዚህ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ከሚነሳባቸው ጽሑፎች አንዱ ነው። ብራዚላዊው ኢቮ ፒታንጊ በ300 ሕሙማን ላይ የሠራውን ሲያሳትም ዓመቱ 1967 ነበር። ጉዳዩ ከውበት ጋር ብቻ ተያይዞ መነሳት የጀመረው ከጊዜ በኋላ ነው፤ መነሻው ሸክም ማቅለል ነበር።

ያ ሸክም ዛሬም አለ። ብዙ ኪሎ የቀነሰች ሴት፣ በቀዶ ሕክምናም ሆነ ዛሬ በየቤቱ በሚወራለት የክብደት መቀነሻ መርፌ፣ ሆዷ ላይ እስከ ጭኗ የሚወርድ ባዶ ቆዳ ይቀርባታል። ከእጥፉ ሥር ላብ ይጠራቀማል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል፣ ያሳክካል። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ ተሚ ታክ አይከፍልም፤ ይህን የተንጠለጠለ ቆዳ ብቻ የሚያነሳውን፣ ጡንቻ የማይሰፋውን ፓኒኩሌክቶሚ ግን በቂ ምክንያት ካለ ሊከፍል ይችላል። የሚጠይቀው ማስረጃ ነው፤ ፎቶ፣ ቁስሉ በተደጋጋሚ ታክሞ አልድን ማለቱን የሚያሳይ የወራት መዝገብ። የኛ ሴቶች ግን በቁስሉ ያፍራሉ። ማታ ማታ ቤታቸው ቫዝሊንና ዱቄት እየቀቡ ያሳልፉና ሐኪም ፊት ሲቀርቡ መዝገቡ ባዶ ነው። ቁስሉ በወጣ ቁጥር ለቤተሰብ ሐኪም ማሳየትና በመዝገብ ላይ ማስጻፍ በኋላ ብዙ ሺህ ዶላር ሊያድን ይችላል።

፨

ከወለደች በኋላ ሆዷ አልገባ ያላት ሴት ሁሉ ወፍራ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ሁለቱን የሆድ ጡንቻዎች መሐል ላይ የሚያገናኘው ስስ ጅማት ይለጠጥና ጡንቻዎቹ ግራና ቀኝ ይራራቃሉ። ኖርዌይ ውስጥ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ 300 ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ በወለዱ በ6ኛው ሳምንት ከ10ሩ በ6ቱ ላይ፣ በዓመቱ ደግሞ ከ3ቱ በአንዷ ላይ ይህን መራራቅ አግኝቷል። በ6ኛው ሳምንት ከነበረባቸው መካከል ግማሽ የሚጠጉት ዓመት ሳይሞላቸው ያለ ምንም ምላጭ ተሽሏቸዋል ማለት ነው። ስለዚህ ልጇን ገና እያጠባች ቀጠሮ የያዘች እናት ሳይ አዝናለሁ። ሰውነቷ ሥራውን አልጨረሰም።

በጀርባ ተኝታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ጭንቅላቷን ከትራሱ ቀና ስታደርግ እምብርቷ አካባቢ ሁለት ጣት የሚገባ ክፍተት ከተሰማት መጀመሪያ መሄድ ያለባት ወደ ፊዚዮቴራፒስት ነው። በትክክል የተሠራ እንቅስቃሴ ለብዙዎች ይበቃል፤ በሐኪም ከታዘዘ ደግሞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል። እምብርቷ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋ እብጠት ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ቀዶ ሐኪም ማየት አለበት።

እናቶቻችን አራሷን በመቀነት ጠበቅ አድርገው ያስሯት ነበር። ማሰሩ ወገቧን ይደግፋል፣ ስትነሳ ስትቀመጥ ያሳርፋታል፤ የተራራቀ ጡንቻ ይመልሳል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ ግን የለም። ያም ሆኖ የድሮዋ አራስ ውኃ አትቀዳም፣ እንጨት አትሸከምም፣ ገንፎው ተገንፍቶ አጥሚቱ ተሞቆ አልጋዋ ድረስ ይመጣላት ነበር። እኔ እንደማስበው ከመቀነቱ በላይ የጠቀማት በዙሪያዋ የነበረው ሰው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በወለደች በጥቂት ሳምንቱ መኪና ነድታ ሥራ የምትገባው ልጅ መቀነቱን በአማዞን ታዝዘዋለች፤ ሰውን ግን ከየት ታምጣ።

፨

አንዲት ወጣት ዘመዴን ላስተረጉምላት ሐኪም ዘንድ አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ አስቁማ አየቻት፣ አስቀምጣ አየቻት፣ አስተኝታ አየቻት። የሆዷን ቆዳ በሁለት እጇ ሰብስባ ያዘችና ለቀቀችው። ጭንቅላቷን ቀና እንድታደርግ ነግራት በጡንቻዎቿ መሐል ጣቶቿን አሳልፋ ለካች። ከዚያ ተቀምጣ መጠየቅ ጀመረች። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ደም መርጋት በቤተሰብ፣ ያለፈ ኦፕራሲዮን። «ሲጋራ ታጨሻለሽ? ሺሻስ?» ዘመዴ ወደኔ ዞር አለችና «ኧረ በፍጹም» አለች። መኪና ውስጥ ስንገባ «እትዬ፣ አንቺ እያለሽ እንዴት ብዬ ልንገራት?» አለችኝ።

ይህች አንዲት ውሸት የምታስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። ኒኮቲን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያጠብባል። በተሚ ታክ ጊዜ የተገለጠው ቆዳ ከሥሩ የነበሩት የደም ሥሮች ተቆርጠውበት በቀሩት ጥቂቶች ነው የሚኖረው፤ እነሱም ከጠበቡ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ይሞታል፣ ስፌቱ ይከፈታል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ጀምሮ እስኪድን ድረስ ሲጋራም፣ ቬፕም፣ ሺሻም እንዲቆም የሚጠይቁት። የእርግዝና መከላከያ ክኒንም እንዲሁ ነው፤ ኤስትሮጅን ያለበት ከሆነ ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል። ለክብደት መቀነሻ የሚወሰዱት እነ ኦዜምፒክ ደግሞ ጨጓራን ያዘገያሉ፤ ሰመመን ሰጪው ካላወቀ ጨጓራ ውስጥ የቀረ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሺሻውም፣ ክኒኑም፣ መርፌውም በኛ መሐል ተደብቀው የሚወሰዱ ናቸው። አክስትና እህት አጠገቧ ቆመው እያስተረጎሙላት ይህን ሁሉ ትናገራለች ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ባለሙያ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ይሆናል። ስሟን የማያውቅ፣ በሠርግ የማያገኛት ሰው ቢያስተረጉምላት ይሻላታል። የግል ክሊኒክ ከሆነም አስቀድማ ደውላ ትጠይቅ።

፨

«ከዚህ በኋላ ልጅ ታስቢያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ክፍሉን ጸጥ ያሰኛል። ከተሚ ታክ በኋላ ማርገዝ ይቻላል፤ ነገር ግን እርግዝናው የተሰፋውን ጡንቻ መልሶ ሊያራርቅ፣ ቆዳውንም ሊያላላ ይችላል። ሐኪሞች መውለድ ከጨረሱ በኋላ፣ ክብደትም ቢያንስ ለ6 ወር ያህል ባለበት ከቆየ በኋላ ይሁን የሚሉት ለዚህ ነው። ባልየው ሌላ ልጅ እንደሚፈልግ እያወቀች፣ ለሱ ሳትነግረው ቀጠሮ የያዘች ሴት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ሳሎኗ መሄድ አለባት።

፨

ለቀዶ ሕክምናው አንዳንዶች ሁዳዴን ይመርጣሉ፤ ድግስ የለ፣ ሠርግ የለ፣ ሰው አያይም። ቁስል ለመዳን ግን ፕሮቲን ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ሳትቀምስ የምትውል፣ ማታ ሰመመኑና የሕመም ማስታገሻ ክኒኑ የምግብ ፍላጎቷን የዘጋባት ሴት በሁለት ማንኪያ ምስር አትድንም። የንስሐ አባት ለታመመ ይፈቅዳሉ፤ ለመፍቀድ ግን መታመሟን ማወቅ አለባቸው። ከዚያም ሰሙነ ሕማማት ይመጣል። ሁሉም ወድቆ ሲሰግድ ቆማ ብትቀር ምን ሆነሽ እንዳትባል፣ ስፌቷ ሳይጠና አብራ የሰገደች ሴት ታሪኳን በዕንባ ነግራኛለች። ሙስሊም እህቶቻችንም በሱጁድ ጊዜ ይኸው ያጋጥማቸዋል፤ ሕመምተኛ ተቀምጦ መስገዱ የተፈቀደ ቢሆንም፣ ተቀምጦ የሚሰግድ ሰው «ምን ነካሽ?» መባሉ አይቀርም።

፨

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ቤት በቅርብ ያየ ሰው በስልክ ማስታወቂያ አይታለልም። ሴትየዋ ተዘርግታ አትተኛም፤ ስፌቱ እንዳይወጠር ከጀርባዋ ትራስ ተደርድሮ፣ ከጉልበቷም ሥር ትራስ ገብቶ፣ ተጣጥፋ ነው የምትተኛው። ስትሄድ ጎብጣ ነው። ማሳል ያማል፣ መሳቅ ያማል። ከጎንና ጎኗ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወጥተው ጫፋቸው ላይ እንቁላል የሚያክል የፕላስቲክ መጭመቂያ ተንጠልጥሏል። ጠዋትና ማታ ክዳኑ ይከፈታል፣ ፈሳሹ በመለኪያ ኩባያ ይቀዳል፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ በወረቀት ይጻፋል፣ አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ መልሶ ይከደናል። መጀመሪያ ደም ደም የሚለው እያደር ወደ ቢጫ ይሄዳል። ልኩ በቀን ወደ 30 ሚሊ ሊትር ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ቱቦው ይነቀላል። ይህን ብቻዋን፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሩን ቆልፋ ስትሠራ የነበረች ሴት አውቃለሁ፤ ልጆቿ እንዳያዩና ለአያታቸው እንዳይናገሩ።

ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በ2 ወይም በ3 ሳምንት ሊመለስ ይችላል። ከባድ ነገር ማንሳት ግን ለ6 ሳምንት ያህል ክልክል ነው። እዚህ ብዙዎቻችን እንጀራችንን የምናገኘው ሰው በማንሳት ነው፤ በነርሲንግ ሆም አዛውንት ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ በኤርፖርት መንገደኛ ከወንበር ወደ አውሮፕላን። ለአለቃዋ «ዕረፍት ልወጣ ነው» ብላ 10 ቀን የወሰደች ሴት በ11ኛው ቀን 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ፊት ትቆማለች። የፌዴራሉ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ለውበት የሚደረግን ሕክምና ሆስፒታል ማደር ካላስፈለገው ወይም ችግር ካላስከተለ በስተቀር አይሸፍንም። ስለዚህ ከሐኪሙ የሚሰጥ «ከባድ እንዳታነሳ» የሚል ወረቀትና አለቃን አስቀድሞ ማነጋገር የቀዶ ሕክምናው አካል ናቸው። ቤት ውስጥ ያለው የ2 ዓመት ልጅስ? «እቀፊኝ» ሲላት ምን ልትለው ነው?

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማስፈራራት አይደለም። ተዘጋጅተውበት፣ እህት ወይም ጓደኛ ቤት ገብታላቸው፣ በደኅና ያለፉትንና ዛሬ ደስ ብሏቸው የሚለብሱትን አይቻለሁ። ወገባቸው ላይ የነበረው ሕመም የቀለላቸውም አሉ። ልዩነቱን ያመጣው ብዙ ጊዜ የሐኪሙ እጅ ብቻ አልነበረም።

፨

የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ያወጣው አማካይ የሐኪም ክፍያ 8 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው፤ ሰመመኑ፣ ክፍሉ፣ መድኃኒቱና የሆድ ቀበቶው ከዚያ ውጭ ናቸው። እቁብ ሲደርሳቸው የሚያደርጉት አሉ፤ ይሄ ዕዳ ከመግባት ይሻላል። ክሊኒኩ ውስጥ የሚሰጠው የብድር ካርድ ግን በጥንቃቄ ይነበብ። «ለ12 ወር ያለ ወለድ» የሚለው ብዙ ጊዜ ወለዱን ያዘገየዋል እንጂ አያነሳውም፤ በቀኑ ተከፍሎ ካላለቀ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ያለው ወለድ በአንዴ ይጫናል።

፨

ዋጋው ሲከብድ መንገዱ ወደ ኢስታንቡል፣ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ይዞራል። ሆቴሉ፣ የኤርፖርት መቀበያውና ቀዶ ሕክምናው በአንድ ዋጋ። በየአገሩ ጎበዝ ሐኪሞች መኖራቸውን አልጠራጠርም። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ዘገባ ግን ሊነበብ ይገባል፤ ከ2009 እስከ 2022 ድረስ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የውበት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ 93 የአሜሪካ ዜጎች ሞተዋል፣ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። በቅርብ ከተመረመሩት ሞቶች አብዛኞቹ የመጡት ስብ ወይም የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ነው፤ አብዛኞቹም ሟቾች አንዴ ተኝተው ሁለት ሦስት ቀዶ ሕክምና የተሠራላቸው ነበሩ። «አንዴ ከተኛሽ ጡትሽንም ዳሌሽንም እንጨምርልሽ» የሚለውን ቅናሽ ስሰማ የምፈራው ለዚህ ነው። በ2023 ደግሞ በሜክሲኮ ማታሞሮስ ከተማ በሁለት ክሊኒኮች በወገብ በኩል ማደንዘዣ ተወግተው የውበት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች በፈንገስ ማጅራት ገትር ተይዘው ሞተዋል።

ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ ለ10 ቀን አውሮፕላን አለመሳፈር ይመከራል። ጥቅሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በሳምንት ነው። ከተመለሰች በኋላ አንድ እግሯ ብቻ ቢያብጥና ቢያማት፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥራትና ደረቷን ቢወጋት፣ በዚያው ደቂቃ 911 መደወል አለበት። «ለጉብኝት ሄዳ ነበር» ብሎ የሚያምን ባል ግን ድካም መስሎት «ጋደም በይ» ይላታል። የድንገተኛ ክፍል ሐኪሙም የሚሰማው ያንኑ ነው።

፨

አዲስ አበባም ውስጥ ይህን የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ። የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና በአገራችን ስሙ የተገነባው በተቃጠሉ ሕፃናትና ከንፈራቸው ተሰንጥቆ በተወለዱ ልጆች ላይ ነው፤ የካቲት 12 ሆስፒታልን ለቃጠሎ ሕክምና የማያውቀው የለም። ከውጭ ለዕረፍት ሄዳ እዚያ ለማድረግ የምታስብ ሴት የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች የትም አገር አይለወጡም። ሐኪሙ በምን ላይ ነው ስፔሻላይዝ ያደረገው? ሰመመን የሚሰጠው ማነው? ጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ ወይስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ነው የሚወስዱኝ? ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብደማ ማን ስልክ ያነሳል? አሜሪካም ቢሆን ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሐኪም ራሱን የውበት ቀዶ ሐኪም ብሎ መጥራት ይችላል፤ በአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ቦርድ የተመሰከረለት መሆኑን ግን ማንም ሰው በነፃ ማጣራት ይችላል። ብዙ ሴቶች ፀጉር ሠሪያቸውን ለመምረጥ የሚያጠፉትን ጊዜ ያህል እንኳ ለዚህ አያጠፉም።

፨

ባሏ ሌላ ሴት ስለያዘ የምታደርግ ሴት ካለች፣ ማንም የሚወዳት ሰው ቆይ ሊላት ይገባል። ምላጩ ቆዳ ያነሳል፤ የባሏን ልብ አይመልስም። ሌላው ሰው ምንም በማያይበት ቦታ ቀኑን ሙሉ ጉድለቷን እያየች የምትሠቃይ ሴት ደግሞ ሌላ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ እንዲህ ያለችው በአንዱ ቀዶ ሕክምና ማግስት ሌላ ጉድለት ማግኘቷ የታወቀ ነው። ጥሩ ሐኪም የሚታወቀው አንዳንዴ «አልሠራልሽም» በማለቱ ነው።

፨

«ቅንጦት ነው» የሚሉ ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ትንሽ ዝም ቢሉ ደስ ይለኛል። ሦስት ልጅ የተሸከመ ሆድ ነው። እግዜር የሰጠንን መቀበል ጥሩ ነው፤ ያንኑ ቃል ግን ጥርሱን ላስተካከለ፣ ፀጉሩን ላስተከለ ወንድ ሲናገሩት አልሰማሁም። ሴትየዋ ስለምትፈልግ ብቻ፣ ሌላ ምክንያት ሳትሰጥ፣ ልታደርገው መብቷ ነው። የሚጎዳት ፍርዱን ፈርታ ስትደበቅ ነው፤ ስትደበቅ የሚያነሳት ሰው አይኖርም፣ ሐኪሟም እውነቱን አይሰማም።

፨

በአንድ ነርሲንግ ሆም የምሳ ክፍል ውስጥ ሁለት የኛ ሴቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ። ታላቂቱ አድርጋዋለች፣ አትደብቀውም። ቲሸርቷን ከፍ፣ ሱሪዋን ዝቅ አድርጋ መስመሩን አሳየቻት። «እዚህ ጋ እስካሁን አይሰማኝም» አለች ከእምብርቷ በታች እየነካች፤ «ሙቅ ውኃ በጠርሙስ አድርጌ ሳላውቅ አቃጥየዋለሁ። ግን አልተጸጸትኩም።» ታናሺቱ ለሐምሌ ቀጠሮ እንደያዘች ነገረቻት።

«ልጁን ማን ያነሳልሻል?»

«እኔው ነኛ።»

«ቱቦውን ማን ይቀዳልሻል? ማታ ብታተኩሺ ማን ያየሻል?»

«ለማንም አልተናገርኩም እኮ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ገና ነሽ» አለቻትና የሐኪሙን ስልክ ቁጥር ጠየቀቻት። ቀጠሮው ወደ ጥቅምት ተዛወረ፤ እህቷ ፈቃድ ወስዳ ከሲያትል የምትመጣው ያኔ ነው።